ቦይለሩ ንጋት ላይ አልነሳ ሲል

ከመካኒሳ የወጣሁ ዕለት ማምሻውን መብራት ሄደ። ሻንጣዬ በር ላይ ቆሟል፣ ታክሲው ውጭ ክላክስ ያደርጋል፣ እናቴ ግን በሞባይሏ ብርሃን ቤቱን እየዞረች ሶኬት ትነቅላለች። መብራት በድንገት ሲመጣ ዕቃ ያቃጥላል ብላ ነው። «እማዬ፣ ልሄድ ነው እኮ» ስላት፣ ፍሪጁ ሥር እንደተንበረከከች «ቆይ፣ ይቺን ልንቀል» አለችኝ። ፊቷን እንዳላይባት መሆኑ የገባኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው።

አሁን የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ፣ ሊድስ ነው። ብርዱን በእኛ ሐምሌ አትገምቱት። የእኛው ጋቢ ሲደርቡ ይለቃል፤ የዚህኛው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ በየቤቱ በጋዝ የሚነድ ቦይለር አለ፣ ውሃውንም ቤቱንም ያሞቃል። ሰዓት ተሞልቶለት ንጋት ላይ ራሱ ይነሳል።

ልጄ ያለ ጊዜው ሲወለድ እናቴ ልታርሰኝ መጣች፤ ቪዛውን እንዲያው አምላክ አገዘን። ከአልጋ አላስነሳችኝም። የመኝታ ቤቱን በር ዘግታ ገንፎውንም አጥሚቱንም እዚያው ታቀርብልኛለች። ቦይለሩ ንጋት ላይ አልነሳ ማለት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ሕፃኑን የምትከታተል ነርስ መጥታ እግሩን ዳሰሰችና፣ «ቤቱ እንዲህ ከቀዘቀዘ ይህ ልጅ ሆስፒታል ይመለሳል» አለችኝ።

ለአከራያችን ደወልኩ።

«ሪሴት የሚለውን፣ እንደገና ማስነሻ ቁልፉን ተጫኑት።»

«ባለቤቴ ተጭኖታል። ሲረፍድ ይነሳል፣ በማግስቱ ንጋት ላይ ደግሞ አይነሳም።»

«የውሃ ግፊቱን የሚያሳየው መርፌስ?»

«አረንጓዴው ላይ ነው።»

«እንግዲያው ደህና ነው። እናንተ ከሙቅ አገር ስለመጣችሁ ነው። ሹራብ ደርቡ።»

«ልጁ እንኳን የተወለደው እዚሁ ነው» አልኩት።

በሁለተኛው ቀን ቴክኒሽያን ላከ።

ጋቢ ደርቤ ወጥ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ክዳኑን ከፍቶ አየና፣ «ቦይለሩ ጤነኛ ነው፣ ሰዓቱ ነው ወደ ኋላ የቀረው» አለኝ። «ይህ ግድግዳው ላይ ያለው የቦይለሩ ማብሪያ ማጥፊያ ሲጠፋ ሰዓቱም ይቆማል። እዚህ ሰፈር መብራት ይጠፋል እንዴ?»

«ኧረ ጠፍቶም አያውቅ» አልኩ፣ የራሴ አገር ይመስል ኮራ ብዬ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ ከኋላዬ። ነገርኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ልጁን ሳጥበው አጠፋዋለሁ። አጥቤ፣ ቅባቱን ቀብቼ፣ አስተኝቼ ስጨርስ አበራዋለሁ። ውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ ቢይዘውስ?»

መካኒሳ የኤሌክትሪኩን ቦይለር ሳናጠፋ ሻወር አንገባም፤ እኔንም ያሳደገችኝ እንዲሁ ነው። እዚህ ደግሞ ቦይለሩ ያሞቀው ውሃ ጋን ውስጥ ተጠራቅሞ ለመታጠቢያ ስለሚበቃ ማጥፋቷን ማንም አላወቀባትም። ሰዓቱ ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ሲቀር፣ የንጋቱ ሙቀት ወደ ረፋድ፣ ከዚያም ወደ ከሰዓት ሸሸ።

«ምን ነበረበት እማዬ፣ ይኸው ተስተካከለ» ብላትም አልሰማችኝም። ከዚያ ወዲያ በቤታችን አንድም ማብሪያ በእጇ አልነካች። እኔ ወይ ባለቤቴ ካላበራንላት ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን በቃሏ ትደግማለች። ማጠቡንም ተወችው። «አንቺው እጠቢው፣ እኔ ፎጣውን ልያዝ።» ቤቱ ሞቆ ልጄ ክብደት ጨመረ፣ እሷ ግን በገዛ ልጇ ቤት እንግዳ ሆነች። ልጁ ክርስትና እንደተነሳ ወደ መካኒሳ ተመለሰች። ቪዛዋ ገና ጊዜ ነበረው።

ትናንት ደወልኩላት።

«ቦይለሩ ይነሳል?»

«ይነሳል እማዬ። ንጋት ላይ ቡፍ ሲል፣ አንቺ ለጸሎት የተነሳሽ ይመስለኛል።»

መቼ ትመጫለሽ ልላት አፌን ስከፍት፣ «ቆይ፣ መብራት ሄደ፣ ልንቀል» አለችኝ። ስልኩን አልዘጋችውም። ጫማዋን እየጎተተች ቤቱን ስትዞር፣ ፍሪጁ ጋ ስትደርስ ይሰማኛል። ልጄን አቅፌ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅኳት።