የታመመው ቀን

ኮምፒውተር አይሳሳትም ይላሉ። ይሳሳታል፤ ያውም እንደ ካድሬ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ደባርቅ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር መጣለት። ከአዲስ አበባ የተላከው ባለሙያ በነሐሴ መጨረሻ ቀን የዘር ማከፋፈያ ፕሮግራም ጫነ፤ ከፍቶ አሳየ፤ ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጥበት በአውቶቡስ ሄደ። በማግስቱ ፕሮግራሙ አልከፈትም አለ።

ማሽኑ የተሰጠው ለታይፒስቷ ነበር። ለአብዮት በዓል፣ መስከረም ሁለት ቀን፣ ከጎንደር የሚመጡ እንግዶች ሊጎበኙት ነው። ኃላፊው ነገር አያስረዝምም። «እስከ በዓሉ ካልከፈትሽው ዛሪማ ትወርጃለሽ» አላት። ዛሪማ ቆላ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ እናቷ ደግሞ ደባርቅ ናቸው፤ ከእሷ ሌላ ጧሪ የላቸውም።

እንግሊዝኛ ያውቃል ተብዬ ተጠራሁ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የዕለቱን ቀን፣ ወርና ዓመት ይጠይቃል። ጻፈችለት። «ኢንቫሊድ ዴት» አለና ተዘጋ።

«ልክ ያልሆነ ቀን ማለት ነው» አልኩ።

«እንዴት ልክ አይሆንም?» አለ ኃላፊው። «ዛሬ ጳጉሜን ሦስት አይደለም?»

«ሩፋኤል ነው እንጂ» አሉ ዘበኛው ከበሩ ላይ። ጠዋት የሩፋኤልን ዝናብ ተጠምቀው ጋቢያቸው ገና አልደረቀም።

ኃላፊው ትርጉሜን አላመነውም፤ መዝገበ ቃላት አስመጣ። ጣቱን እያስኬደ «ኢንቫሊድ፦ በሽተኛ፣ ድውይ» ብሎ አነበበና ቀና አለ። «መምህር፣ ቀኑ ታሟል ነው የሚለው።»

«እንግዲያማ ጠበል ነው የሚሻለው» አሉ ዘበኛው።

«አባቴ፣ እባክዎ ይተዉ» አለች ታይፒስቷ። «ቢቃጠል ቆላ የምወርደው እኔ ነኝ።»

ቀኑ በማግስቱም አልዳነም። እኔም ብዙ ያነበበ ሰው ምክንያት አያጣምና የክረምቱ እርጥበት ነው አልኩ። ማሽኑን በጋቢ ሸፈንነው።

መስከረም ሁለት እንግዶቹ ከኋላዋ ቆሙ። ጋቢውን ገለጠች፤ ሁለት ብላ ቀኑን፣ አንድ ብላ ወሩን ጻፈች። ተከፈተ። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው፤ ኃላፊው ስለ አብዮቱ ኃይል ንግግር ጀመረ። እኔ ግን ዓይኔ ያቺ አንድ ላይ ቀረ። ሰሞኑን በወሩ ቦታ ስትጽፍ የከረመችው አሥራ ሦስት ነበር።

«የፈረንጅ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«ጳጉሜንን አያውቃትም?»

«አያውቃትም።»

ኃላፊውን ሰረቅ አድርጋ አየችው። «ዝም ይበሉ፣ መምህር። ጋቢው ነው ያዳነው።»

ዛሪማ አልወረደችም። ከዚያ ወዲያ የዓመት ፈቃዷን የምትወስደው ሁልጊዜ በጳጉሜን ነበር፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

አንተ ይህን የምታነብ፣ ፕሮግራም ሠሪ ከሆንክ፣ አድናቆትህ ይቅርብኝ። አሥራ ሦስተኛዋን ወር አስገባ።