የብርሃን ጠመንጃ ዋጋ

ይህን የምጽፈው እኅቴ ስላዘዘችኝ ነው። ከምትሠራበት የዓረብ አገር በስልክ ድምፅ ላከችልኝ። አብራት የምትሠራ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ አገሯ ገብታ የብርሃን ጠመንጃ ጨዋታ ለመክፈት አስባለችና ዕቃው ምን ያህል እንደሚፈጅ ማወቅ ትሻለች። «እኔ ልንገራት ብል ሆድ ይብሰኛል፤ አንተ ጻፍላት። እንደምታንዛዛው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጻፍላት» አለችኝ። ዋጋውን ብቻ በሁለት መስመር ለመጻፍ ተቀምጬ ነበር፤ በሁለት መስመር የሚያልቅ ግን አልሆነልኝም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ተጫዋቾች በሁለት ቡድን ይከፈላሉ። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ጠመንጃ ይይዛል፤ ደረቱና ጀርባው ላይ መብራት ያለው ሰደርያም ይለብሳል። ከጠመንጃው የሚወጣው ጥይት ሳይሆን ዓይን የማያየው ጨረር ነው። ጨረሩ ሰደርያውን ሲያገኘው ሰደርያው ይንቀጠቀጣል፣ ቀይ ያበራል፣ የለበሰውም ሞተ ይባላል። ጥቂት ቆይቶ ይነሣል።

እኅቴ ይህን ያየችው የአሠሪዎቿን ልጆች ይዛ በምትሄድበት ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ እሷ ከመስታወቱ ውጭ ጫማቸውን ይዛ ትጠብቃለች። አንድ ቀን አንደኛው ቡድን ሰው ጎደለውና አስገቧት። «ወላሂ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ሰው የፈራኝ ያን ቀን ብቻ ነው» ትላለች እየሣቀች።

የተመለሰችው ለውጡ በመጣ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ በከተማችን በሐይቅ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ነገር ነበረው፤ ባጃጅ የሚገዛው ባጃጅ ይገዛል፣ ዓሣ መጥበሻ የሚተክለው ይተክላል፣ ሌላው በውኃው ዳር ወንበር ይደረድራል። እኅቴም ለእናታችን አንድ ቃል ተናገረች፦ «እማ፣ ይኼ ነገር ከቆመልኝ ሁለተኛ አልሄድም።» እናታችን ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችም። «ይቁምልሽ» ብላ ዱዓ አደረገችላት።

የእንግሊዝኛውን መመሪያ የማነበው እኔ ስለነበርሁ ዋጋ የማጣራቱ ሥራ ለእኔ ደረሰ። እኅቴ ዋጋን በብርም ሆነ በዶላር አትቆጥርም፤ በወር ነው የምትቆጥረው። በሰባት ዓመት ውስጥ ለቤት ከላከችው የተረፋት የአሥራ ስድስት ወር ደመወዝ ነበር። አንድ ጠመንጃ ከነሰደርያው ከአንድ ወር ጥቂት ይጎድላል፤ የጎደለውን ለማጓጓዣ ትታ አሥሩን አሥር ወር አለችው። የባትሪ መሙያዎቹ አንድ ወር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያሠራው ጄኔሬተር ሦስት ወር፣ አጥሩና የመሸሸጊያው ቆርቆሮ ሁለት ወር ፈጁ። እያንዳንዱንም ዕቃ ወሩን በከፈለቻት አሠሪዋ ስም ጠራችው። «ጠመንጃዎቹ የደጓ እመቤት ናቸው። ጄኔሬተሩ ግን የዚያች የክፉዋ ነው፤ ቀንም ሌትም ይጮሃል።»

ሰደርያዎቹ ከዓረብ አገር በሚመለሱ ልጆች ሻንጣ በአደራ፣ አንድ አንድ እያሉ መጡ። አንዷማ ሻንጣዋ ኪሎ ሞልቶባት ለብሳው መጣች፤ ከሚኒባስ ስትወርድ ረዳቱ «እኅቴ፣ ጦር ነው ሰርግ የምትሄጂው?» አላት። እናታችን አደራ ያደረሰችውን ልጅ ሁሉ ምሳ ሳታበላ አትሸኝም ነበር። ጠመንጃዎቹ በመጨረሻ በካርቶን መጡ። ቀለማቸው ብርቱካንማ ነበር፤ በሩቅ ያያቸው ሁሉ መጫወቻ መሆናቸውን ያውቃል።

መመሪያው ያልነገረን አንድ ነገር ነበር፤ ጨረሩ በጠራራ ፀሐይ ይደክማል። ጨዋታው የተተከለው በሐይቁ ዳር ባለው የአባታችን የጎመን መሬት ላይ ነውና በተከፈተበት ቀን የሰፈሩ ጎረምሶች እያላባቸው ሲተኳኮሱ ዋሉ፤ የሞተ ግን አልነበረም። «እትዬ፣ ጠመንጃሽ ጾም ይዟል እንዴ?» አሉ። ጥላ የግድ ሆነ፤ ለጥላ የሚሆን ወር ግን አልተረፈም።

እኅቴ ወደ ቅሬው ሄደች። ቅሬ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ሰፊ ድንኳን አለው። መሪው፣ ዳኛ የምንላቸው፣ ከአምባሰል ወርደው እኛ ሰፈር ያረጁ ክርስቲያን ገበሬ ናቸው።

«የለቅሶ ድንኳን ለተኩስ ትጠይቂኛለሽ?» አሏት።

«ተኩስ አይደለም አባባ፤ ብርሃን ነው።»

«እስቲ ተኩሽብኝ።» ሰደርያውን ከጋቢያቸው በላይ አስደረጉ።

«በእርስዎ ላይማ አላደርገውም።»

«አንቺ ያልደፈርሽውን ነው ለሰው ልጅ የምታከራዪው? ተኩሺ እንጂ!»

ዓይኗን ጨፍና ተኮሰች። ሰደርያው ሲንቀጠቀጥ አዛውንቱ «ወይ እናቴ!» ብለው ዘለሉ፤ ደጅ የቆመው ሰው ሁሉ በሣቅ ወደቀ። እኅቴ ግን ሮጣ ጉልበታቸውን ያዘች። «አፉ ይበሉኝ አባባ።»

አፉ በለኝ ማለት በእኛ ዘንድ ይቅር በለኝ ማለት ነው። «አፉ ብያለሁ» አሏትና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ድንኳኑን ውሰጂ፤ ግን ሁለት ነገር አለ። ሰው ከሞተ ጨዋታው መሐል ላይም ቢሆን ይነቀላል። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ሲያልቅ የተኮሰ ሁሉ የተኮሰበትን አፉ በለኝ ይበል። ሰው ላይ አፈ ሙዝ አዙሮ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ የሚገባ ልጅ በእኔ ቅሬ አይደግ።»

ይህ ደንብ ከጨዋታው ይልቅ ታወቀ። ከደሴ የሚመጡ ወጣቶች ሳይቀሩ ሲጨርሱ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ።

«አፉ በለኝ።»

«ለየትኛው? አራት ጊዜ ነው የገደልኸኝ።»

«ለአራቱም።»

«ሦስቱን ብያለሁ። በጀርባዬ የመታኸኝን ለሻይ ስትጋብዘኝ አየዋለሁ።»

የመጀመሪያውም ደንብ ተጠብቋል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የሞት ጥሪ ተሰማ። ተጫዋቾቹ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ ካስማውን ነቅለው፣ ድንኳኑን በትከሻቸው ይዘው ለቅሶ ቤት ደረሱ። ከመካከላቸው አንዱ ማጥፊያውን ረስቶት ነበርና ካስማ ሲመታ ደረቱ ቀይ ያበራ ነበር። ሟቿ አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው በእንባው መሐል አየውና «እማዬ ብታየው ኖሮ ትሥቅ ነበር» አለ። የእኅቴ ሥራ በሰፈሩ ጸንቶ መቆሙን ያመንሁት ያን ዕለት ነው።

ነገር ግን ልጆቹ ባይቀሩም ጎረምሶቹ እየቀነሱ ሄዱ። የሚከፍሉትም ጎረምሶቹ ናቸው። «እትዬ፣ እኔ ካሮት ይዤ አልዋጋም» አላት አንዱ። ቃሉ ተዛመተና ጠመንጃዎቹ ካሮት ተብለው ቀሩ። እኅቴ አሥሩንም ባጃጅ ለሚቀባ ሰው ወስዳ ጥቁር ቀለም አስነፋቻቸው። በእርግጥ አማሩ፤ ያለቅጥ አማሩ። የቅሬው ዳኛ አንዱን አንሥተው አገላበጡት።

«ቀለሙ ምን አደረገሽ፣ ልጄ? ውሸቱን መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ደግነቱ እሱ ነበር።»

«ገበያ ነው አባባ። ያላማረ ነገር ማን ይይዛል? አብሽር ይበሉ፣ ምንም አይሆንም።»

ጎረምሶቹ ተመለሱ። በዚያ ወቅት እኅቴ ስለ ሁለተኛ ድንኳን ማውራት ጀምራ ነበር፤ ይኸኛው የማንም እመቤት ወር አይደለም፣ የራሴ ነው እያለች።

ከዚያ ጦርነቱ ከሰሜን እየወረደ መጣ። በወልዲያ መንገድ ተፈናቃይ ፍራሽና ልጅ ተሸክሞ ይጎርፍ ጀመር፤ ድንኳኑ ለእነሱ መጠለያ ሆነና ጨዋታው ቆመ። ማንም ይምጣ ማን ቤት እንደሚፈተሽ፣ መሣሪያ የተገኘበትም ቤት እንደማይተርፍ ተወራ። የእኛ አሥር ጥቁር ጠመንጃዎች ከአልጋ ሥር ናቸው። በጨለማ ቤት ውስጥ የሚፈትሽ ሰው ፕላስቲክ መሆናቸውን ዳስሶ እስኪያውቅ ይታገሣል ብሎ ማን ይመካል? እኅቴ ቀለሙን በቤንዚን ልታስለቅቀው ተቀመጠች። ጥቁሩ ተቀባባ እንጂ አልለቀቀም፤ ብርቱካኑ አልተመለሰም።

የቅሬው ዳኛ መጡ። አላዘዟትም። «አደጋው የአንቺ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር» አሉ። «ጎረቤትሽም ልጆች አሉት።»

«ብንቀብራቸውስ?»

«ተቀብሮ የተገኘ መሣሪያማ ይብሳል። ማን አምኖሽ?»

በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎረቤታችን መረብ የሚያነሣ መስሎ በጀልባው ወሰደን። ጠመንጃዎቹንና ሰደርያዎቹን ከድንጋይ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተናቸዋል። እስጢፋኖስ ገዳም ካለበት ዳር ርቀን ሄድን፤ ከወዲያ ደወል ይሰማ ነበር።

«እዚህ ይጠልቃል አያ?» አለች እኅቴ።

«መረቤ ደርሶበት አያውቅም» አላት።

የመጨረሻውን ከረጢት ስናነሣ አንዱ ሰደርያ ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ በራ። ከረጢቱ በእጃችን ላይ ተንቀጠቀጠ፤ በሽመናው ቀዳዳ ቀይ ብርሃን ወጣ። ዓሣ አጥማጁ እጁን ሰብስቦ «ቢስሚላህ! ማነው የሞተው?» አለ። ሦስታችንም ሣቅን፤ በዚያ ሰሞን የሣቅሁት ያኔ ብቻ ነው። እኅቴ ከረጢቱን እንደ ሕፃን አቅፋ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ «አፉ በለኝ» አለችና ለቀቀችው። ለማን እንዳለችው አልጠየቅኋትም።

ጦርነቱ መጣ፤ ሄደም። ቤታችን ተፈትሿል፤ ከቤተሰቡም ከጎረቤትም የተጎዳ የለም፣ አልሃምዱሊላህ። ጄኔሬተሩ ግን ተወስዷል፤ የባትሪ መሙያዎቹም፣ የአጥሩ ቆርቆሮም እንዲሁ። ድንኳኑ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። አሁን ሰው ሲሞት ቅሬው ከጎረቤት ቅሬ ድንኳን ይዋሳል፤ ዳኛው ሲያገኙኝ «ያቺ ገዳዬ ደኅና ናት?» ይሉኛል። እኅቴ ለሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ እናታችን ዱዓ አደረገችላት። «ይቁምልሽ» ግን አላለችም፤ «ተመለሽ» አለቻት።

እንግዲህ የኮምቦልቻዋ እኅታችን፣ የዛሬውን የገበያ ዋጋ አላውቀውም፤ ሳይጨምር አይቀርም። ጥላ አስቀድመሽ አስቢ። ቀለሙን አትንኪው። አፉ መባባሉን አትተዪ፤ እሱ ወጪ የለውም። የእኛ ዋጋ ይህ ነው።

ጠመንጃ፣ አሥር።
ሰደርያ፣ አሥር።
የባትሪ መሙያ፣ ሁለት።
ጄኔሬተር፣ አንድ።
የአጥሩ ቆርቆሮ፣ ሁሉም።
የቅሬው ድንኳን፣ አንድ።
የእኅቴ ወር፣ አሥራ ስድስት።