የቅዳሜ ጭኮ

ልጅ እያለሁ የእናቴን ሙያ የሚያመጣልኝ ባቡር ነበር። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ትምህርት ቤቴ አቃቂ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር እናቴ በጨርቅ የቋጠረችውን ጭኮ ባልደረቦቹ አቃቂ ጣቢያ ያወርዱልኛል።

አዳሪ ትምህርት ቤታችን የመንግሥትም የሚሲዮንም አልነበረም። እትዬ ሸዋዬ የሚባሉ መምህርት ከአባታቸው የወረሱትን የእህል መጋዘን መኝታ ቤት አድርገው የከፈቱት ነው። ክረምት ላይ ግድግዳው ያኔም ጤፍ ጤፍ ይሸት ነበር። ደወል እንኳ ስላልነበረን ሠላሳ ሴቶች ልጆች በጎረቤት ፋብሪካ ጡሩምባ ነበር የምንነሣው። ከደንቡ ሁሉ የሚያበግነኝ አንዱ ነው፤ ከቤት የተላከ ምግብ የጋራ ቁምሳጥን ውስጥ ይገባና ቅዳሜ ለሁላችንም እኩል ይቆረሳል። የእናቴ ጭኮ ለሠላሳ ሲካፈል ለእኔ የአውራ ጣት ያህል ይደርሰኛል። ስድስት ወር ሙሉ ያላየኋትን እናት ናፍቆት በዚህች እንዴት ልወጣ?

አንድ ቀን ቋጠሮውን ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። ጉንዳን አሳበቀብኝ። በአልጋዬ እግር ተሰልፎ ሲወጣ እትዬ ሸዋዬ አዩት።

አልገረፉኝም። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ለብቻዬ ጠረጴዛ አስቀመጡና ጭኮውን እንዳለ አቀረቡልኝ። «ብዪ እንግዲህ፣ የእናትሽ ነው፤ ማንም አይነካብሽም» አሉኝ። ልጁ ሁሉ እያየኝ አንዱን ጉርሻ ዋጥኩ። እንዲያ የተመኘሁት ጭኮ አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ፤ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ያኔ ብርቄ ከመሀላቸው ተነሣች። ብርቄ እናት አባት የላትም፤ እትዬ ሸዋዬ ከሕፃንነቷ ያሳደጓት ናት፤ ከየትም ቋጠሮ መጥቶላት አያውቅም። አጠገቤ ተቀምጣ «እኔስ?» አለችኝ። ቆርሼ አጎረስኳት። ሌሎቹም ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። እትዬ ሸዋዬ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዛሬ ያ ባቡር የለም፤ ግቢያችንም የብረት መጋዘን ሆኗል። ልጆቼ እዚህ ገላን ኮንዶሚኒየም ሰሃናቸውን ይዘው ወደየክፍላቸው ይገባሉ፤ እኔም መቆጣቱን ትቼዋለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጭኮውን ራሴ እሠራለሁ፤ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል፣ ምን እንደሆነ ማወቅ አቅቶኝ ኖሬአለሁ። ባለፈው ወር ብርቄ ልትጠይቀኝ መጥታ አቀመስኳት። እንደ ልጅነቷ ዓይኗን ጨፍና አላመጠችው።

«ቅቤው ኮረሪማ አንሶታል» አለችኝ። «እናታችን ታበዛበት ነበር እኮ።»