የአባዬ ጋቢ

መብራት ሄዶ ልጄ ጧፍ ለኮሰች። የሰሙ ሽታ ካዛንችስ ወደነበረው የቀበሌ ቤታችን መለሰኝ።

እማዬ ጧፍ ሠርታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትሸጥ ነበር፤ ክሩን የምገምድላት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ክር ሲያልቅብን፣ ጦር ሜዳ የሄደውን የአባዬን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ ከጫፉ መምዘዝ ጀመረች።

«እማዬ፣ ሲመጣ ምን ሊለብስ ነው?»

«እሱ ያለበት አይበርድም» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

በረሃ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገመድኩ። ለሰፈር ልጆችም «አባቴ ሞቃት አገር ነው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

መርዶውን የነገሩኝ ጧፉ ተሽጦ ካለቀ በኋላ ነው። አገር ምድሩ ስለቱን አበራበት፤ ለባለ ጋቢው ግን አንዲት ጧፍ አልተረፈችም።

«አጥፊው፤ ለአያትሽ ይቀመጥ» አልኳት ልጄን።