አባን ሳልጠራ የዋልኩበት ቀን

ይህን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ነፍሷን ይማርና ሳታውቅ ሄደች። ለንስሐ አባቶቼም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ሐሜቴን ዘርዝሬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ምላሴ እየተሳሰረ "ሌላ የለም አባ" ብዬ ተነስቻለሁ። ሌላ የለም! ማንን ነው የማታልለው? ለእናንተ የምነግራችሁም ስለማታውቁኝ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ይህን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ሐረር ተወልጄ ሐረር ያረጀሁ ካቶሊክ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ አስተማሪ ነበርኩ፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን ለልጆች ትምህርተ ክርስቶስ አስተምራለሁ። ሰው "የእምነት አባታችን" ይለኛል። እንዲያ ባሉኝ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ምክንያቱም ያስተማርኩት ሁሉ የቆመው በአንድ ታሪክ ላይ ነው፤ ያን ታሪክ ደግሞ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

አባቴ አናጢ ነበሩ። በሚስዮኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም እንቀመጥባቸዋለን። እናቴ ቀድማ ሞታ ነበርና እኔና እሳቸው ብቻ በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ በአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር እንኖር ነበር። እኔ ገና በአስተማሪነት የተቀጠርኩ ሰሞን እሳቸው አልጋ ያዙ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን አስቴርን ወደድኩ።

የአስቴር ቤተሰቦች ከኛ ቤት ከፍ ብሎ የሚኖሩ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ። አባቷ "ሁለት ባሕርይ ለሚል ካቶሊክ ልጄን ከምሰጥ ቆማ ትቅር" ይላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እና እኔ ምን አደረግሁ? "ያን ሃይማኖት ትተናል፤ እኔ ቄደር ተጠምቄ ወደ ኦርቶዶክስ እመለሳለሁ፤ አባቴም ሚስዮን ከረገጡ ቆይተዋል" ብዬ በሽማግሌዎች ላክሁ። አባቴ ሚስዮን ያልረገጡት ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው እኮ ነው!

ሽማግሌዎቼ አስቴር ቤት እንዲሄዱ ቀጠሮ የተያዘበት ቀን ጠዋት የአባቴ ትንፋሽ ይቆራረጥ ጀመር። "ልጄ፣ አባን ጥራልኝ" አሉኝ። የሚስዮኑን ቄስ ማለታቸው ነው። በቅዱስ ዘይት ሊቀቡና ሊቆርቡ ፈልገዋል። ለእኛ ለካቶሊኮች የመጨረሻው ቁርባን የመንገድ ስንቅ ነው፤ ያለሱ መሄድ ባዶ እጅን በረሃ እንደመግባት ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጸለዩት ይህንኑ ሳይቀበሉ እንዳይሞቱ ነበር።

ታዲያ በዚያን ጊዜ ልማዳችን ቁርባን ለታመመ ሰው ሲወሰድ ቄሱ ነጭ ለብሰው፣ ሻማ የያዘና ቃጭል የሚመታ ሰው አስቀድመው ነበር የሚመጡት። ቃጭሉን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ይወጣል። ከሚስዮኑ ወደ ቤታችን የሚያመጣው መንገድ ደግሞ በአስቴር ደጅ ነው የሚያልፈው። ሽማግሌዎቼ እዚያ ቤት ተቀምጠው "ካቶሊክነቱን ትቷል" እያሉ፣ ቃጭሉ በደጃቸው አልፎ እኛ ቤት ሲገባ ታየኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ሄድኩ። እስከ ሚስዮኑ በር ድረስ ሄድኩ። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ከውስጥ አባ ሲያስሉ ሰማኋቸው፤ እዚያው ናቸው፤ በእኔና በእሳቸው መካከል ያለው አንድ ሳንቃ ነው። እጄን መለስኩ። ማንም አልያዘኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። እኔ ነኝ የመለስኳት። እኔ!

ቤት ገብቼ "አባ ድሬዳዋ ወርደዋል፣ ከሰዓት ይመለሳሉ ተባለ" አልኳቸው።

"እሺ፣ እንጠብቃቸዋለን" አሉ። በሩን ማየት እንዲችሉ ትራሳቸውን ከፍ አድርጌላቸው ነበር፤ ራሳቸው ናቸው የለመኑኝ።

እኔ ስወጣ የምትቀመጥላቸው አይ ሜይሙና፣ እናት ሜይሙና እንደማለት ነው፣ የምንላት አደሬ ጎረቤታችን ነበረች። በግድግዳ የምንዋሰን፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እኔን እንደ ልጇ የምታይ ሴት ናት። ለሁለተኛ ጊዜ "ልጥራቸው" ብዬ ወጥቼ፣ እስከ ግንቡ ፈላና በር ድረስ ዞሬ ስመለስ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። "አቦ፣ ምን ሆነሃል? ቄሱን እኮ ቅድም ከገበያ ስመለስ ፈረስ መጋላ አየኋቸው፣ ወላሂ! ሮጬ ልጥራልህ?"

እስቲ አስቡት። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ለአባቴ ነፍስ ቄስ ልትጠራ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ቆማለች፤ ተጠምቄ ቆርቤ ያደግሁት ልጃቸው ክንዷን ይዤ "ሌላ ሰው ነው ያየሽው፤ አንቺ በዚህ አትግቢ" አልኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "ያ ረቢ" ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ለሦስተኛ ጊዜም ወጣሁ። የትም አልሄድኩም፤ ከቤታችን ጀርባ ካለው ግንብ ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ ደርሶ መልስ የሚወስደውን ያህል ጊዜ ጠብቄ ተመለስኩ። "መንገድ ላይ ናቸው አሉ" አልኩ። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል አባቴ አረፉ።

በማግስቱ ቀብር ላይ አባ ሰው ሁሉ እየሰማ "ለምን አልጠራኸኝም?" አሉኝ። "ድንገት ሆነብን" አልኩ። አይ ሜይሙና አጠገቤ ነበረች፤ ሰምታ ከአጠገቤ ራቀች። ከዚያ ወዲያ ለስንት ዓመት ከሩቅ ሳያት መንገድ እቀይር ነበር። የሞተች ዕለት እፎይ ማለቴም ኃጢአት ነው፤ እሱንም ጻፉልኝ።

የአስቴር አባትስ? ቀብሩ ላይ ተገኙ። አባቴ በሚስዮን ሥርዓት ሲቀበሩ አዩ፤ ውሸቴ ከአንድ ሌሊት በላይ አልዘለቀም። የማይነጋ መስሏት አሉ! ነገር ግን ያገሩ እስላምና ክርስቲያን ለአንድ አናጢ እንዲያ ሲያለቅስ አይተው ልባቸው ራራ። ከወራት በኋላ አስጠርተውኝ "የእኒያ ሰው ልጅ ከሆንክ ይበቃኛል፤ በሃይማኖትህ ኑር" ብለው ልጃቸውን ሰጡኝ። የመንገድ ስንቃቸውን የቀማኋቸው አባቴ ሚስት አጋቡኝ።

ታሪኩን የፈጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ እሁድ አንዲት ልጅ "ያንተ አባት እንዴት ሞቱ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ቆርበው፣ ተቀብተው፣ 'ሃይማኖታችሁን አትልቀቁ' ብለውን" አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ ብል ደስ ባለኝ፤ አላመለጠኝም፤ ጣፈጠኝ። ከዚያማ በየዓመቱ ተናገርኩት፤ ቃጭሉን ጨመርኩበት፣ ሻማውን ጨመርኩበት። ሰው አለቀሰ። የገዛ ልጄ ማቴዎስም እያለቀሰ ያደገው በዚያ ነው። "ወደ ክህነት የጠራኝ የአያቴ ሞት ነው" ብሎ የካህናት ማሠልጠኛው፣ ዘርዓ ክህነት ገባ።

አሁን ማዕረጉን ሊቀበል ነው። በመጀመሪያው ቅዳሴው ላይ ቆሜ የአባቴን ሞት እንድመሰክር ለመነኝ። ብናገር ልጄ የቆመበት መሬት ይከዳዋል፤ ዝም ብል መሠዊያ ላይ የሚወጣው ውሸቴን ተረማምዶ ነው። በዚያ ላይ ሐኪሙ ልቤ ደክሟል ብሎኛል። ሞትን አልፈራም የሚል ሰው ይገርመኛል። እኔ እፈራለሁ፤ የምፈራው ገሃነሙን ብቻም አይደለም፤ አባቴን ነው። አግኝተውኝ ምንም ባይቆጡኝስ? ምን ውስጥ እገባለሁ?

ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በምንኖርበት፣ ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር፣ በረንዳ ላይ ማቴዎስ ማንጎ እየላጠልኝ ሳለ ሁሉንም ነገርኩት። ቢላዋውን አስቀመጠ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ "አባዬ፣ የእውነቱን፣ አያቴ በመጨረሻ ምን አሉ?"

ይህችን ነበር አጥብቄ የፈራኋት። ነገርኩት። "ልጄ፣ ስትመላለስ ዋልክ፣ ደከምክብኝ። በቃ ተቀመጥ። አባንም አትቀየማቸው፣ ሥራ ይዟቸው ነው" ነበር ያሉት። ጫማዬ ላይ አቧራ እንኳ አልነበረም።

ማቴዎስ ተነስቶ ሄደ፤ እንደወትሮው ጉልበቴን አልሳመም። ክህነቱን ይተዋል ብዬ እህል አልቀመስ አለኝ። ትናንት መጣ። ቆሞ ነው የተናገረው፤ "እቀበላለሁ። ቁርባን ይዤ ወደ ታመመ ሰው ለመሄድ አሁን የበለጠ ምክንያት አለኝ። የመጀመሪያውን ቅዳሴዬን ለአያቴ ነፍስ አሳርጋለሁ። አንተን ይቅር ማለት ግን አባዬ፣ ገና አልቻልኩም።"

ቻልልኝ አላልኩትም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ቅዳሴው ቀን አልመሰክርም፤ ከኋላ፣ አባቴ ከሠሩት ወንበር ባንዱ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ልጄ ስማቸውን ሲጠራ እሰማለሁ። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት ንስሐ ልገባ አሁን ያሉት አባ ዘንድ እሄዳለሁ። "ሌላ የለም" አልላቸውም።