ብቻዬን፣ በግፊያ፣ በሸክም

ጉሉማ ማረፍ የማያውቅ ሰው ነበር። ቁጭ ማለቱንስ ሁልጊዜ ቁጭ እንዳለ ነው፤ እግሮቹን ኦጋዴን ጥሎ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ምርጫ የለውም። ማረፉ ነው የቸገረው። በእጅ የምትዘወር ባለ ሦስት ጎማ ጋሪውን ይዞ በማለዳ ይወጣና ሰፈራችንን ቡርቃ ጃቶን ሲያካልል ይውላል። እኛ ጎረቤቶቹ «ይሄ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው?» እንባባል ነበር።

የጠፋበት ነገር የለም፤ መንገድ እየመዘነ ነው። የነቀምቴን መንገድ ሁሉ ሦስት ቦታ ከፍሎታል። «ብቻዬን» የሚለው ማንንም ሳያስቸግር የሚያልፍበት ነው። «በግፊያ» የሚለው ከኋላ የሚገፋ ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው «በሸክም» ነው፤ ይህን ሲናገር ፊቱ ይጠቁራል፤ ከጦር ሜዳ በቃሬዛ ካወጡት ወዲህ ሰው አይሸከመኝም ብሎ ምሏል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ደግሞ ፍርዱን ይለውጣል። ስንስቅበት ከርመን ቀስ በቀስ እኛም ለመድነው። እርጉዝ ሴት ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ገበያ ሲወርድ፣ ጉሉማን ሳይጠይቅ የሚወጣ ጠፋ።

እናቱ አዴ ዘርፈሽ ክረምት ላይ አረፉ።

ያኔ መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን አሽጎ መሰብሰብ ከልክሎን ነበር። ወደ መቃብሩ የሚወስደው ሰፊ መንገድ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ያልፋል፤ በዚያ ሬሳ ይዘው ያለፉ ሰዎች «ስብሰባ አደረጋችሁ» ተብለው ታስረዋል። ስለዚህ ሬሳችንን በጓሮ ባለው አቀበት ነበር የምናወጣው። ጭቃና ድንጋይ ነው፤ ጉሉማ ምን ብሎ እንደመደበው መናገር አያስፈልገኝም። ሰፊውን ግን «ብቻዬን» ብሎታል። እውነቱን ነው፤ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ምንም የለበትም።

አዴ ዘርፈሽ ከጉሉማ ሌላ ልጅ የላቸውም። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያውን አፈር የሚያለብስ ልጅ ነው። እሱ ካልደረሰ ማን ሊያለብሳቸው ነው?

ሳጥኑ ሊነሳ ሲል ጉሉማ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጎማው ጭቃውን አረሰው። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ሞረዳ ቀረብ አሉት። አንዴ ታስረው ከወጡ ወዲህ ጥላቸውን የሚፈሩ ሰው ነበሩ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ለዛሬ እንሸከምህ» አሉት።

«ሃርሜን፣ እናቴን ተሸከሙልኝ። እኔ በሰፊው መንገድ ዞሬ እመጣለሁ።»

«አትደርስም ልጄ። ዝናቡ እየመጣ ነው፤ ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል። ልንጠብቅህ አንችልም።»

ጉሉማ ጋሪውን አዙሮ ወደ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። እኔ በግትርነቱ ተናደድኩ። ኦቦ ሞረዳ አቀበቱን አዩ፤ እሱን አዩ። ከዚያ በሕይወታቸው ጠይቀውት የማያውቁትን ጠየቁት።

«ሰፊው መንገድ ዛሬ እንዴት ነው?»

«ለእኔ ብቻዬን ነው። ለእናንተ ግን አላውቅም።»

«ሳጥኑን በሰፊው አዙሩት» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

ወጣን። ጉሉማ ከሳጥኑ ኋላ፣ እኛ ከእሱ ኋላ። ቀበሌው በር ስንደርስ የጉሉማ ጎማ ብቻ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። አብዮት ጠባቂው መሣሪያውን እንዳነገተ ወጣ።

«ማነው በዚህ አምጡ ያለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ሞረዳ።

ጠባቂው ጉሉማን አየት አደረገና መንገዱን ለቀቀ። ዝናቡ ሳይደርስ ጉሉማ እናቱን አፈር አለበሰ። በማግስቱ ኦቦ ሞረዳን መጥተው ወሰዷቸው።

ከዚያ በኋላ ጉሉማ መንገድ መመዘኑን ተወ። ስንቅ ጭኖ ወደ እስር ቤቱ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ሌላ አያውቅም። አንድ ቀን አሮጊት አክስቴን በሰፊው መንገድ ልወስዳት አስቤ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ደረቅ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ያለ ረዳት ሲመላለስበት በዓይኔ አያለሁ።

«በሸክም ነው» አለኝ። «የተሸከሙኝ ኦቦ ሞረዳ እስኪፈቱ ድረስ በሸክም ነው።»