ሳይቀምሱት ያጣፈጡት ቀሪቦ

ዘንድሮ ሁዳዴና ሮመዳን አንድ ላይ ገቡ። ዛሬ ጎረቤቴ ፋጡማ ለማፍጠሪያ ከጠመቀችው ቀሪቦ አንድ ጆግ ሞልታ አመጣችልኝ። ክዳኑን ስከፍተው የተቆላው ገብስ ሽታ ዓይኔን እንባ ሞላው። ዕድሜ ሲገፋ እንባም ቅርብ ነው። ያኔም፣ ልጅ እግር አስተማሪ በነበርኩበት ዓመት፣ ሁለቱ ጾሞች እንዲሁ ገጥመው ነበር።

የተወለድኩት መንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ ነው። አገሩ የገብስ አገር ነው፤ በሶውም፣ ቂጣውም፣ ጠላውም ገብስ ነው። ለማስተማር የተመደብኩት ግን ከገደሉ በታች፣ ማሽላ ከሚበቅልበት የቆላ ከተማ ነበር። የተከራየሁት ከወይዘሮ ዘሐራ ግቢ ነው፤ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሳቃቸው መንገድ ድረስ የሚሰማ ሴት ነበሩ።

አባቴ ይህን ሲሰማ አልወደደም። የመንዝ ሰው ግትር ነው ይባላል፤ እንዲህ ያሉት አባቴን ያዩ መሆን አለባቸው። «ሰው በሌለበት አገር ልጄን አልተውም» ብሎ ሊወስደኝ መጣ። ማስተማሩን ወድጄዋለሁ፤ አባቴን እምቢ የምልበት ወኔ ግን አልነበረኝም።

በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ፣ አቧራ ለብሶ ደጃችን ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ጾሙን የሚፈታበት ጊዜ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ያም ሆኖ ከዚያ ቤት ውኃ እንኳ እንደማይቀምስ ፊቱ ይናገር ነበር።

«ዕቃሽን ሰብስቢ፤ ነገ በጧት እንሄዳለን» አለኝ፣ ሳይቀመጥ።

ወይዘሮ ዘሐራ አንዲት ትንሽ ገንቦና ኩባያዎች ይዘው ከጓዳ ወጡ።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ! ይህች የክርስቲያን እንግዳ ገንቦ ናት፤ ሥጋም ቅቤም ነክቷት አያውቅም። ኩባያዎቹም እንደዚያው። ልጅዎ ከገባች ጀምሮ ለብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር።

«ምንድን ነው? ጠላ ነው?» አለ አባቴ።

«ቀሪቦ ነው፤ አያሰክርም። ገብሱ የእናንተው ነው፣ ከደጋ ከመጣ ነጋዴ ገዝቼ ራሴ ቆላሁት። ስኳሩ ይብዛ ይነስ ግን እንጃ፤ አልቀመስኩትም።»

«ስለምን?»

«ጾመኛ ነኛ! ፀሐይ ሳትገባ ውኃም አልቀምስ። በአፍንጫዬ ነው የለካሁት» አሉና ሳቁ።

አባቴ ጾምን የሚያውቅ ሰው ነበር። በዚያ ሙቀት ውኃ ሳይቀምሱ ውለው፣ ለማያውቁት እንግዳ መጠጥ የሚያጣፍጡ ሴት ግን አይቶ አያውቅም። የተቀዳለትን ኩባያ ተቀበለ፤ አየው፤ መልሶ መሬት አስቀመጠው።

«እመቤቴ፣ እርስዎ ሳይጠጡ እኔ አልጠጣም።»

«የእርስዎ ጾም እኮ ተፈቷል አባባ!»

«የእኔው ይቆይ።»

ደጃፉ ላይ ተቀምጠው እርሱ ስለ ውርጭ፣ እሳቸው ማሽላ ስለሚፈጀው ወፍ ሲያወሩ፣ እኔም ኩባያዬን ይዤ ጠበቅሁ። ዳገቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ ወደ አገራችን ወጣ። አዛን ሲሰማ ወይዘሮ ዘሐራ ቢስሚላህ አሉ፤ አባቴ አማተበ፤ እኩል ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። መጀመሪያ የተቆላው ገብስ ምሬት መጣ፣ ከኋላው ጣፋጩ ተከተለ። በገብስ ያደግሁ ስለሆንኩ ገብስን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ አላውቀውም።

«ስኳሩ ልክ ነው» አለ አባቴ፣ ኩባያውን እንዲሞሉለት እየዘረጋ።

በማግሥቱ የታሰረ ዕቃዬን ይዤ ብወጣ፣ በዓይኑ ወደ ቤት መለሰኝ።

«ፍቺው» አለኝ። «ሰው አለሽ።»

ብቻውን ሄደ። እኔ እዚሁ ቆላ አረጀሁ። ወይዘሮ ዘሐራም አባቴም ዛሬ የሉም፤ ሁለቱም ከሃይማኖታቸው ንቅንቅ ሳይሉ ነው ያለፉት። አንዳቸው ለሌላው ጾም ያን ያህል ቦታ ከየት እንዳገኙ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አሁን የፋጡማ ቀሪቦ ፊቴ ተቀድቷል። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ ብጠጣ የሚከለክለኝ የለም። ከግድግዳው ወዲያ ሰሐን ስታቀራርብ ይሰማኛል። የእኔው ይቆይ።